ፈትለወርቅ አያ ውዱን ያስቀረችበት ቀን

ፈትለወርቅ ሽማግሌ ስታናግር ቆማ አታናግርም። በላሊበላው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል እንደ ሌሎቹ ነርሶች ሁሉ እሷም ከአልጋ አልጋ ስትሮጥ ትውላለች። አልጋው ላይ ያለው ሰው ጸጉሩ የሸበተ ከሆነ ግን በርጩማ በእግሯ ስባ ትቀመጣለች፤ ፊቷን ከፊቱ ትክክል ታደርጋለች። አፏ ላይ ያለውን ጭንብል ዝቅ አድርጋ መጀመሪያ ስሟን፣ ቀጥላም የማን ልጅ እንደሆነች ትናገራለች። ምን አመመዎት የምትለው ከዚያ በኋላ ነው። ጆሮው የደከመ ሰው የተናጋሪውን ከንፈር እያየ እንደሚሰማ ታውቃለች።

አንድ አስታማሚ፣ "ስንት ሰው እየጠበቀ ተቀምጠሽ ታወጊያለሽ?" ሲላት ሰምቻለሁ።

"ቆሜ ስጠይቃቸው አልሰሙኝም። ተቀምጬ ስጠይቃቸው ሰሙኝ። የትኛው ይፈጥናል?" አለችው፤ ሥራዋንም ቀጠለች።

አባቷን አውቃቸዋለሁ። ገነተ ማርያም አጠገብ የሚያርሱ፣ ድምፃቸው ከፍ የማይል ሰው ነበሩ። ልጅቱ በዚህ አልመሰለቻቸውም። ላሊበላ ቤት ተከራይታ ስትማር ስንቋን በጀርባዋ ተሸክማ፣ እያዜመች ትወጣ ነበር። ነርስነቱን ደሴ ተምራ መጀመሪያ የተመደበችው ደላንታ፣ ወገል ጤና ከተማ ነው። የደላንታን ብርድ ያላየ ሰው ብርድ አየሁ አይበል። ጣት ላይ እየተሰካ የደምን ኦክስጅን የሚለካው መሣሪያ የቀዘቀዘ ጣት አያነብም። ስለዚህ ሽማግሌ በመጣ ቁጥር በመጀመሪያ እጁን በሁለት እጇ ይዛ ታሞቅ ነበር። ዛሬም እዚህ እንደዚያው ታደርጋለች። በሽተኞቹ ሰላምታ ይመስላቸዋል። ሰላምታም ነው፤ እግረ መንገዷን ግን ቆዳው ደርቆ እንደሆነ፣ እጁ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ ታያለች።

ጠባይዋ ሁሉ ማር ነው ማለቴ አይደለም። የበሽተኛ አልጋ ላይ የተቀመጠ አስታማሚ ስታይ ትቆጣለች። የሽማግሌ ከዘራ በር ላይ ያስቀረ ዘበኛም ከእሷ ጋር ተጣልቶ ነው የሚውለው። "ከዘራውን ነጥቀህ ቢወድቁ አንተ ታነሣቸዋለህ?" ትለዋለች። ባሏ አስጎብኚ ነው፤ ቤት ውስጥም እንዲሁ ታዘኛለች እያለ ያማታል። ሰው ሲያማት አብራ ትስቃለች።

ይህንን ጠባይዋን ያወቅሁት አብሮ አደጌን ውዱን ይዘን በመጣን ጊዜ ነው።

ወሩ ሐምሌ ነበር። መንደራችን ከወንዝ ማዶ ስለሆነች በክረምት መኪና አይደርስባትም። በሽተኛ የሚጓዘው በቃሬዛ ነው፤ ተሸካሚው ደግሞ የቅሬው፣ ማለትም የዕድሩ ሰው ነው። ቅሬ እኛ ዘንድ የሚቀብር ብቻ አይደለም፤ በሽተኛም ያደርሳል። የእኛ ቅሬ ያለው ቃሬዛ አንድ ነው። ስለዚህ በሽተኛው ሆስፒታል ከቀረ ቃሬዛው በዕለቱ ይመለሳል። ማን ምጥ እንደሚይዛት፣ ማን እንደሚወድቅ አይታወቅምና።

ውዱ እህልና ውሃ ትቶ ነበር። መጀመሪያ ውሃውን ተወ፣ ቀጥሎ እህሉን። የልጁ ሚስት ሰብሌ ጣሳውን ስታቀርብለት በእጁ ጀርባ ይገፋዋል። እኛ አገር ሽማግሌ እንዲህ ሲያደርግ ትርጉሙ የታወቀ ነው። እህል ውሃው አለቀ ይባላል። አባቱም እንዲሁ ነው የሄዱት፤ ጣሳ እየገፉ፣ ማንንም ሳያስቸግሩ። ስለዚህ ውዱም እንደ አባቱ በክብር ሊሄድ ነው ብለን የንስሐ አባቱን ጠራን። ቄሱ ጸሎት አደረሱለት። በማግስቱ መቀባዠር ጀመረ። ከሞቱ ብዙ ዘመን የሆናቸውን በሬዎች በስም ይጠራል፤ ያባርራል፤ ይቆጣል።

ሆስፒታል ይዘነው የመጣነው ልጁ ወንዴ ወልድያ ለሥራ ሄዶ ስለነበረና በስልክ ስለጮኸብን ነው። "ሐኪም ሳያየው ብትቀብሩት አልምራችሁም" አለ። የቅሬያችን ዳኛ ደባሱ ጎበዞቹን ጠርቶ፣ "እናሳየውና ወንዙ ሳይሞላ ይዘነው እንመለስ" አለ። ውሳኔው ይኸው ነበር፤ እኔም ተስማምቼበታለሁ። እኔ የምሸከምበት ዘመኔ ስላለፈ ከኋላ ከኋላ ተከተልኳቸው።

ዶክተር በእውቀቱ ውዱን አየው፤ ደሙ እንዲመረመር፣ ግሉኮስ እንዲሰካለት አዘዘ። "ይተኛሉ" ብሎ ደም ወደሚፈስሳት ወላድ ተጠርቶ ሮጠ። ደባሱ ወዲያው ተነሣ።

"ታየ አይደል? በቃ፣ ጎበዞች፣ አንሡት።"

ፈትለወርቅ ከውዱ ክንድ ላይ ደም ሥር እየፈለገች ነበር። ቀና ሳትል፣ "ወዴት?" አለች።

"ወደ ቤቱ። እቴ፣ አትድከሚ። ሰውየው ጨርሷል። ለሬሳ ግሉኮስ ምን ያደርጋል?"

ይህን ጊዜ ውዱ ዓይኑን በረገደና ደባሱ ላይ አፈጠጠ። "አንተ ሌባ! በሬዬን ፍታ ብዬሃለሁ!" ብሎ ጮኸ።

"ጋሽ ደባሱ፣ ሬሳ ሲሳደብ ሰምተው ያውቃሉ?" አለች ፈትለወርቅ።

ከኋላችን የቆሙት ጎበዞች ሳቁ። ደባሱ አልሳቀም። "አንቺ ትቀልጃለሽ። ወንዙ ከሞላ በኋላ እዚህ ቢሞት ሬሳውን በምን ልናሻግር ነው? የአባቱ መቃብር ማዶ ነው ያለው። ሰው ከአባቱ ጎን እንዳያርፍ አድርጌ በየትኛው ፊቴ ነው ቅሬ የምቀመጠው?"

ነገሩ ቀልድ አልነበረም፤ እሷም አልቀለደችበትም። ግሉኮሱን ሰክታ በፋሻ ሸፈነችውና ወደ ሰብሌ ዞረች። ሰብሌ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ተከናንባ ግድግዳውን ተጠግታ ቆማለች።

"እኅቴ፣ ያለፈው ቅዳሜ አባባ እንዴት ነበሩ?"

"ውሃ ቀንሰው ነበር እንጂ ደኅና ነበሩ። ደጅ ተቀምጠው የድንበር ጠብ ዳኝተዋል።"

"የማንን ጠብ?"

"የወንድሜን ነዋ!" አለ ደባሱ። "አጣመው ፈረዱበት።"

"አጣመውም ቢሆን ፈርደዋል" አለች ፈትለወርቅ። "ጋሽ ደባሱ፣ ልብ ይበሉ። ባለፈው ቅዳሜ የሁለት ሰው ክርክር ሰምተው የፈረዱ ሰው ዛሬ እንዲህ ሆኑ። እርጅና እንዲህ በሩጫ አይመጣም። ይሄ ሌላ ነገር ነው፤ መነሻ አለው። መነሻውን ልፈልገው።"

"ስንት ጊዜ ይፈጅብሻል?"

"ወንዙ የሚሰጠኝን ያህል።"

ደባሱ ሰማዩን ሊያይ ወጣ። እሷ የውዱን ምላስ አየች፤ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። የደረቱን ቆዳ ቆንጥራ ለቀቀችው፤ ቶሎ አልተመለሰም። ከዚያ እጇን ከእምብርቱ በታች በጋቢው ላይ አሳርፋ በቀስታ ተጫነች። ውዱ እንደ ወጣት አፈፍ አድርጎ እጇን ያዛት። በሬዎቹን ረሳ። ዓይኑ እሷን አላየም፤ ሰብሌን አየና ወዲያው ሸሸ።

እኔ አጠገቡ ቆሜ ምንም አልገባኝም። ፈትለወርቅ ግን ያችን አስተያየት ያዘቻት። እጇን አነሣች፤ ጋቢውን አስተካከለችለት። "ሰብሌ፣ እባክሽ ሱቅ ወርደሽ ሳሙና ግዢልኝ" አለቻት። ሳሙና ሞልቷቸው እንደነበር ቆይቼ ነው ያየሁት። ሰብሌ ስትወጣ መጋረጃውን ጋረደችና ወደ እኔ ተጠጋች።

"አባቴ፣ እርስዎ ምናቸው ነዎት?"

"አብሮ አደጋቸው። በአንድ ቀን ነው ክርስትና የተነሣነው።"

"እንግዲያው እርስዎ ይጠይቁልኝ። ሽንታቸውን መቼ እንደሸኑ። እኔ ሴትም ነኝ፣ ልጃቸውም ነኝ፤ አይነግሩኝም።"

"እንደዚህ እየቀባዠረ ምን ይነግረኛል?"

"ይሄ ዓይነቱ እንደ ደመና ነው፤ መጣ ሄድ ይላል። እጃቸውን ይያዙና ይጠብቁ። ሲገልጥላቸው ያውቁታል።" ብላ ከመጋረጃው ውጭ ቆመች።

ያዝኩት። ስለ በሬዎቹ ነገረኝ፤ እሺ እሺ አልኩት። በመጨረሻ እጁ በእጄ ውስጥ ላላና ፊቴን አተኩሮ አየኝ።

"አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ።"

"ሰብሌ የለችም?"

"የለችም። ውዱ፣ ወደ ውጭ ከወጣህ ስንት ጊዜህ ነው?"

ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ከዚያ በሹክሹክታ ነገረኝ። ዓይኑ ደክሟል፤ ክረምቱ ከገባ ወዲህ ጓሮው ጭቃ ሆኖ ብቻውን መሄድ አቅቶታል። ልጁ የለም። ያለችው ሰብሌ ናት። አንድ ቀን እጁን ይዛ መራችው፤ ፊቷን አዙራ እስኪጨርስ ዝናብ ላይ ቆመች። ነጠላዋ በስብሶ ስትመለስ አየ።

"የልጄ ሚስት" አለኝ፣ "እኔ ልሽና ዝናብ ላይ ትቆማለች? ውሃ ካልጠጣሁ አልወጣም ብዬ ተውኩት። አሁንማ ልውጣ ብልም እንቢ ብሎኛል። ይቆርጠኛል። እንዳትሰማ!"

ይህን ለማያውቅ ሰው መናገር አለብኝ። እኛ ዘንድ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም፤ በፊቱ ሳትከናነብ አትቆምም። እሱም በእሷ ፊት የሰውነቱን ነገር አያነሣም። ጥሩ ልማድ ነው፤ አሁንም ጥሩ ነው እላለሁ። ነገር ግን ያን ጊዜ ሰው ሊገድል ነበር። እኛም የውዱን እፍረት አይተን ዕድሜው አለቀ ብለን ቄስ ጠርተንለታል።

ፈትለወርቅ መጋረጃውን ገልጣ ገባች። እንደሰማች ፊቷ ላይ ታየኝ፤ ግን ለውዱ የሰማች አልመሰለችም። "አባባ፣ ከሆድዎ በታች በኩል የተጠራቀመ ነገር አለ። ቀጭን ቱቦ አስገብተን እናስወጣዋለን፤ ያርፋሉ። ዶክተሩ ነው የሚያደርገው፤ እኔ አግዘዋለሁ። ይፈቅዱልናል?"

ውዱ እኔን አየኝ። ራሴን ነቀነቅሁለት። "ይሁን" አለ።

ዶክተር በእውቀቱ ከወላዷ እንደተመለሰ ተጠራ። እሷ ሊደረግ ያለውን ሁሉ ከመደረጉ በፊት ለውዱ ትነግረዋለች፤ "አሁን ቅዝቃዜ ይሰማዎታል፤ አሁን ትንሽ ይቆረቁርዎታል።" የማይገለጠውን ገላውን በጋቢ ሸፍናለታለች። ሽንቱ የሚወርድበት ከረጢት ሲሞላ፣ የውዱ ግንባር ላይ የነበረው መኮማተር እየተፈታ ሲሄድ አየሁት። ዶክተሩ የከረጢቱን ቀለም አይቶ፣ "የሽንቱ መንገድ ኢንፌክሽን አለው፤ መድኃኒት እንጀምር" አላት። ውዱ እንቅልፍ ወሰደው።

ደባሱ በዝናብ ርሶ ገባ። "ወንዙ እየደፈረሰ ነው። አሁን ካልተነሣን አንሻገርም። አገኘሽ ወይስ አላገኘሽም?"

"ምክንያቱ ተገኝቷል። የመዳን ተስፋ አላቸው። ቃል ግን አልገባልዎትም፤ ሽማግሌ ናቸው፣ ተጎድተዋልም።"

"ምክንያቱ ምንድን ነው?"

"የእሳቸው ምስጢር ነው።"

"እንዴት የእሳቸው ነው? የቅሬ ዳኛ ነኝኮ እኔ!"

"እኔ ደግሞ ነርሳቸው ነኝ። ሲነሡ ራሳቸው ይንገሩዎት፤ ካልፈለጉ አይነግሩዎትም።"

ደባሱ ወደ እኔ ዞረ። "አንተ ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ። አልነግርህም። ይቆይ ነው የምለው።"

በዚህ መሀል ሰብሌ ሳሙናውን ይዛ መጣች። ደባሱ፣ "ልጁ በሌለበት የቤቱ ሰው አንቺ ነሽ" አላት። "ይዘናቸው እንሂድ ወይስ ይቆዩ? ማዶ ሳይሻገሩ ቢሞቱ አፈሩ እዚህ ነው፤ አስቢበት።"

ሰብሌ አለቀሰች። "አገሩ ሁሉ ምራቲቱ በውሃ ጥም ገደለቻቸው ይላል። ይዣቸው ብገባም ይላል፣ ብተዋቸውም ይላል። እኔ ጣሳውን ሳላቀርብ የዋልኩበት ቀን የለም፤ መድኃኔዓለም ያውቃል።" ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ውዱን አየችው። እጁ ደረቱ ላይ አርፏል፤ ትንፋሹ ረግቷል። "እንዲህ ሲተኙ ካየሁ ሰነበትኩ" አለች። "ይቆዩ።"

ደባሱ ከዚያ በኋላ አልተከራከረም። ዳኛ ነው፤ ባለ ጉዳዩ ሲወስን ማክበር ያውቃል። ደጅ ወጥቶ የቃሬዛውን ጠፍር በገዛ እጁ ፈታ፤ አንዱን እንጨት ለአንዱ ጎበዝ፣ ሌላውን ለሌላው አሸከመ። እንዲህ የሚደረገው ከጋራው ላይ ሆነው መንገድ የሚያዩ ሴቶች እንዳያለቅሱ ነው። ቃሬዛ እንደታሰረ ከተመለሰ ሬሳ አለበት ማለት ነው። እንጨቱ ተፈትቶ በትከሻ ከመጣ ሰውየው በሕይወት ቀርቷል። በዝናቡ ውስጥ እንጨቶቹ ተራርቀው ቁልቁል ሲሄዱ አየኋቸው። ወንዙ ሳይሞላም ደርሰው ተሻገሩ።

እኔና ሰብሌ ቀረን። ውዱ በአንድ ጀምበር ወደ ልቡ አልተመለሰም። በማግስቱም በሬዎቹን ፈልጓል፤ ግሉኮሱን ሊነቅል ታግሏል። አንድ አስታማሚ፣ "እጃቸውን እሰሩት እንጂ" ቢላት ፈትለወርቅ ተቆጣች። "የታሰረ ሰው ይብስበታል። አንተን ባስርህ ትረጋጋለህ?" ይልቅ የግሉኮሱን ቱቦ በጋቢው ስር አሳልፋ ከዓይኑ ሰወረችው። አልጋውን ጫጫታ ከሚበዛበት በር ወደ መስኮቱ አስጠጋችው። ጠዋት በመጣች ቁጥር ተቀምጣ፣ "አባባ፣ ላሊበላ ነዎት፤ ሆስፒታል ነዎት፤ ዛሬ ሐሙስ ነው" ትለዋለች። ነገ ደግሞ ዓርብ ነው ትለዋለች። እኛንም አጠገቡ ሆነን የሚያውቀውን ነገር እንድናወራ አዘዘችን። ያለፈውን የድንበር ክርክር አነሣሁበት።

"አጣምሜ አልፈረድኩም" አለ ውዱ በድንገት። "የደባሱ ወንድም ድንጋዩን ራሱ ነው ያነሣው። ወንዙ ሞልቷል እንዴ?"

ሰብሌ ደስታዋን ደብቃ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ቱቦው ወጣለት፤ ራሱ መሽናት ቻለ፤ እኔ እጁን እየያዝሁ እወስደዋለሁ። ውሃ ግን አሁንም ከንፈሩን ብቻ ነው የሚያርሰው። እኔ አጠገቡ ስሆን ይጠጣል፤ ሰብሌ ስታቀርብለት በእጁ ጀርባ ይገፋል። ፈትለወርቅ ይህን አየችና በርጩማዋን ሳበች።

"አባባ፣ ቤት ሲገቡ እኚህ ጓደኛዎ አብረዎት አያድሩም። ውሃ ካልጠጡ ተመልሰው ይመጣሉ፤ ሁለተኛ ጊዜ እንዲህ ላይሳካልኝ ይችላል። ለሰብሌ ይንገሯት።"

"አልነግራትም።"

"እኔ ልንገራት?"

"ብትነግሪያት ከዚህ አልጋ አልነሣም።"

"እሺ፤ አልነግራትም" አለች። አልነገረቻትምም። ሰብሌ ኮሪደሩ ላይ ይዛት፣ "ምን አድርጌ ነው ከእጄ የማይጠጡት?" ብላ ስትለምናት፣ "ምንም አላጠፋሽም፤ ይህን በእውነት እነግርሻለሁ" ብቻ ብላት አለፈች። ስትመለስ ከፍቷት ነበር። ልትናገረው የምትችለው አንድ ቃል ሰብሌን ያሳርፋት ነበር፤ ግን የሰውየው ነው።

ተመልሳ ተቀመጠች። "አባባ፣ እርስዎ ዳኛ ነዎት። ሸንጎ ላይ ሰው ሲንጫጫ እንዴት ነው ጸጥ የሚያደርጉት?"

"ከዘራዬን መሬት እመታለሁ።"

"ቃል ሳይናገሩ?"

"ቃል ለምኔ? ሰው ያውቀዋል።"

ከአልጋው ጎን የቆመውን ከዘራ በዓይኗ አመለከተችው።  ውዱ ከዘራውን አንሥቶ ጭኑ ላይ አጋደመና ሲያሻሸው ቆየ። እኔም ጣልቃ ገብቼ፣ ከቤቱ በር እስከ ጓሮው መጸዳጃ ገመድ እወጥርልሃለሁ፣ እሱን ይዘህ ብቻህን ትሄዳለህ አልኩት። ፈትለወርቅ ገመዱን ወደደችው። "በወገብዎ ልክ ይሁን፤ አይላላ" አለችኝ።

"ሰብሌን ጥሩልኝ" አለ ውዱ።

ሰብሌ ተከናንባ መጣች። ውዱ እንደ ሸንጎ ቀን ጀርባውን አቅንቶ ተቀመጠ። "ልጄ፣ ከዘራዬን ሁለቴ ስመታ በሩን ክፈችልኝ። ገመዱን እስክይዝ ድረስ ነው፤ ከዚያ ወደ ሥራሽ ግቢ። ምንም አትጠይቂኝ።"

ሰብሌ ከዘራውን አየች፤ ቀጥላ በእጇ የያዘችውን ጣሳ አየች። ቀስ እያለ ሲገባት ዓይኗ ላይ አየሁት። የአልጋውን ብረት ያዘች።

"እሺ አባባ" አለች። 

ጣሳውን አቀረበችለት። በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ ሳያወርድ፣ እስከ ታች ጠጣው።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው። ክፍሉ ሞልቷል፤ ፈትለወርቅ ከማዶ አልጋ ላይ የአንዲት አሮጊት ቁስል ታጥባለች፤ እኔ መስኮቱ ሥር ተቀምጫለሁ። የውዱ ከዘራ ወለሉን ሁለቴ መታ። ፈትለወርቅ እንደ ልማዷ ብድግ አለች፤ እኔም ወገቤን ይዤ ልነሣ ቃጣኝ። ወዲያው በእጇ፣ ተቀመጡ አለችኝ፤ ራሷም ተመልሳ ተቀመጠች።

ሰብሌ ወደ በሩ እየሄደች ነበር።